የባጃጅ ጌም ልለቅ ነው፤ ሰው አንዴ ከፍቶ እንዳይተወው ቀድሜ ምን ምን ልፈትን?

ሳቢያን_ጌምስ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለቤቱ። በዩኒቲ (የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ነው) የሠራሁት የባጃጅ ጌም አልቋል ማለት ይቻላል። ከከዚራ ተሳፋሪ ጭኖ ሳቢያን፣ መጋላ፣ ገንደ ቆሬ ማድረስ ነው። 60 ሌቭል አለው፤ መጠኑ 140 ሜጋባይት። ፕሌይ ስቶር ላይ የምለቀው በግል አካውንት ነው፤ አካውንቱን የከፈትኩት በቅርቡ ነው። ለጓደኞቼ ሰጥቻቸው ሁሉም «አሪፍ ነው» አሉ፤ በማግስቱ ግን መልሶ የከፈተው የለም። ጥያቄዬ ማንን ላስሞክር፣ በምን ዓይነት ስልክ፣ «ሰው ይመለሳል» ለማለትስ የትኛውን ቁጥር ልይ? አይፎን ለጊዜው ይቆየኝ።

ሸዋ_በር (ሐረር)

«አሪፍ ነው» የሚለውን መልስ አትቁጠረው አቦ። ጓደኛ ሊያስከፋህ አይፈልግም። መጠየቁን ተውና እጁን እይ።

ጌሙን አይቶት የማያውቅ ሰው ፈልግ። ስልኩን ጌሙ ሳይከፈት ስጠው፣ «ተጫወት» በለውና ዝም በል። ከጎኑ ተቀመጥ እንጂ ፊቱ አትቁም። ቀድመህ ስክሪን ሪከርደሩን ክፈት፤ በስልኩ ሴቲንግ ዴቨሎፐር ኦፕሽን ውስጥ «ሾው ታፕስ» የሚለውን ካበራህ ጣቱ ያረፈበት ሁሉ ቪዲዮው ላይ ነጥብ ሆኖ ይቀረጻል። ሲጠይቅህ አትመልስለት፣ «ምን መሰለህ?» በለው። የምትመዘግበው አይከኑን ከነካ ጀምሮ ባጃጁን እስኪነዳ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ፣ ምንም የማይሠራ ቦታ የት የት እንደነካ፣ የት ላይ ቀና ብሎ እንዳየህ፣ መቼ ስልኩን እንዳስቀመጠ ነው። ሲጨርስም «ወደድከው?» አትበለው። ቪዲዮውን መልሰህ አሳየውና «እዚህ ጋ ምን ልታደርግ ነበር?» በለው። ወርቁ ያለው እዚያ ነው።

ለአንድ ዙር አምስት ሰው ይበቃል። ከአምስቱ ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ከተደናገሩ ስድስተኛ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው፤ አስተካክልና ሌሎች አምስት አዲስ ሰዎች ፈልግ። አንዴ የተጫወተ ሰው የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ለመፈተን ሁለተኛ አያገለግልም።

ፕሌይስቴሽን ቤት የሚውሉ ልጆችን ብዙ አታብዛ። እጃቸው የሰላ ስለሆነ ከባዱን ሌቭል ቀላል ያስመስሉብሃል። ወረፋ የሚጠብቁ የባጃጅ ሾፌሮች ይሻሉሃል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ጋ ሞክረው፤ ስልኩ በግራ እጁ ነው፣ ቀኙ ጫቱ ላይ ነው። መሪው በግራ አውራ ጣት ፍሬኑ በቀኝ ከሆነ እዚያው ያበቃለታል። በአንድ አውራ ጣት የሚነዳበት አማራጭ ጨምር።

ሌላው፣ ባጃጁ ተጋጭቶ እንደገና እስኪነሳ ያለውን ጊዜ በሰዓት ለካ። «ተሸንፈሃል» ብሎ አኒሜሽን አሳይቶ፣ ነጥብ ቆጥሮ፣ ከዚያ ሜኑ የሚከፍት ከሆነ ሰው የሚወጣው በመሸነፉ ተናዶ ሳይሆን እሱን መጠበቅ ሰልችቶት ነው። ከሁለት ሰከንድ አታሳልፈው።

ደቻቱ_ዳር (ድሬዳዋ)

ስለ ስልኩ እኔ ልመልስ። ኤሙሌተርን (ኮምፒውተር ላይ ስልክ የሚያስመስለውን ፕሮግራም) አትመን፤ የኮምፒውተርህን ጉልበት ነው የሚያሳይህ። ታይዋን ገበያ ወርደህ ያገለገለ፣ 2 ጊጋ ራም ያለው አንድሮይድ ጎ (ለደካማ ስልክ የቀለለው አንድሮይድ) ስልክ ግዛ፣ ቴክኖም ይሁን አይቴል። ዋናው መፈተኛህ እሱ ይሁን፤ ጥሩው ስልክህ ሁለተኛ ነው።

እዚያ ላይ መጀመሪያ የሚያጋጥምህ ጌሙ «በራሱ ይወጣል» የሚል ስሞታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የኮድ ስህተት አይደለም፤ ራም ሲያልቅ አንድሮይድ ራሱ ነው የሚዘጋው። ጥፋተኛው ምስሎቹ ናቸው። 2048 በ2048 የሆነ አንድ ምስል ሳይጨመቅ 16 ሜጋባይት ራም ይይዛል። ኢቲሲ2 በሚባለው የምስል መጭመቂያ ፎርማት 4 ሜጋባይት ይሆናል፣ ኤኤስቲሲ 6 በ6 በሚባለው ደግሞ ከ2 ሜጋባይት ያንሳል። ግን ልብ በል፦ ስልኩ የማይደግፈው ፎርማት ከመረጥክ ዩኒቲ ሲጭነው ፈትቶ ወደ ሙሉ መጠኑ ይመልሰዋል። ፋይሉ ትንሽ፣ ራሙ ሙሉ ማለት ነው። አሮጌ ስልክ ላይም ያለ ችግር እንዲሠራልህ ከፈለግህ ኢቲሲ2 ይሻላል።

ቢልድ ስታደርግ (የሚጫነውን ፋይል ስታወጣ) ዩኒቲ ላይ አይኤል2ሲፒፒ የሚለውን መርጠህ ኤአርኤምቪ7 (ለ32 ቢት ስልክ) እና ኤአርኤም64 (ለ64 ቢት) ሁለቱንም ምረጥ። ብዙ ርካሽ ስልኮች የሚሠሩት በ32 ቢት አንድሮይድ ነው፤ ኤአርኤም64 ብቻ ካደረግህ ስቶሩ «ለስልክህ አይሆንም» ብሎ ይመልሳቸዋል።

ከዚያ ሙቀቱ። በኤሲ ክፍል ውስጥ የተፈተነ ጌም ለድሬ ቀትር አልተፈተነም። ስልክ ሲግል ፕሮሰሰሩ እንዲበርድ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ጌሙ መንተባተብ የሚጀምረውም ያኔ ነው። ሁለት ደቂቃ ተጫውቶ «አይንተባተብም» ማለት አይቻልም። ሳታቋርጥ 25 ደቂቃ አጫውተው፤ የ2ኛውን ደቂቃ ፍሬም ታይም (አንድ ምስል ስክሪኑ ላይ ለማውጣት የሚፈጀውን ጊዜ) ከ20ኛው ጋር አስተያይ። በሴኮንድ 30 ፍሬም ከሆነ እያንዳንዱ ፍሬም ከ33 ሚሊሰከንድ ማለፍ የለበትም፤ 60 ከሆነ ከ16.7። ስትለካ ኬብል አትሰካ፣ ቻርጅ ማድረጉ ራሱ ያግለዋል፤ ፕሮፋይለሩን (የዩኒቲን መለኪያ) በዋይፋይ አገናኘው። ዴቨሎፕመንት ቢልድ (ለመፈተኛ የሚወጣው) ከእውነተኛው ስለሚዘገይ የመጨረሻውን ልኬት በሪሊዝ ቢልድ (ለሕዝብ በሚለቀቀው) ውሰድ። 20ኛው ደቂቃ ላይ ከወደቀ 30 ፍሬም ላይ ገድበው፣ ሪል ታይም ጥላውን አጥፋ፣ ሬንደር ስኬሉን (ምስሉ የሚሳልበትን ጥራት) 0.8 አድርገው። የባጃጁ ጥላ ጠፋ ብሎ ጌም የሚያጠፋ ሰው የለም።

አንድ ጊዜ ደግሞ ውጭ ፀሐይ ላይ ክፈተው። ቢጫ መንገድ ላይ ነጭ ጽሑፍ ካለህ የሚያነበው አይኖርም።

ኮንሶል_ነው (ሐረር)

የፕሌይ ኮንሶሉን (ጌሙን ፕሌይ ስቶር ላይ የምትለቅበትን ገጽ) ነገር ማንም አላነሳለትም፣ ጊዜ የሚበላው ግን እሱ ነው። ከኖቬምበር 13 ቀን 2023 ወዲህ የተከፈተ የግል አካውንት ሙሉ ለሙሉ ለመልቀቅ ከመፈቀዱ በፊት ክሎዝድ ቴስት (ለተመረጡ ሰዎች ብቻ የሚከፈት ሙከራ) ማድረግ አለበት፦ ቢያንስ 12 ቴስተር ለተከታታይ 14 ቀን። መጀመሪያ 20 ነበር፣ ቀነሱት። ቴስተሮቹ ሊንኩን ከፍተው መስማማት አለባቸው፤ ኢሜይላቸውን ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ብቻውን አይቆጠርም። መሃል ላይ ወጥተው ከ12 በታች ከሆንክ 14ቱን ቀን አታሟላም፣ ስለዚህ 20 ያህል ያዝ። ስታመለክት ምን አስተያየት እንደሰበሰብክና ምን እንዳሻሻልክ ይጠይቁሃል፤ ሸዋ በር ያለህን ማስታወሻ አትጣለው። በቴሌግራም ቴስተር የሚሸጡትን እርሳቸው፣ ጭነው ቁጭ ከማለት ውጪ የሚነግሩህ የለም።

ከዚያ በፊት ለየዕለቱ ሥራ ኢንተርናል ቴስቲንግ አለልህ፣ እስከ 100 ሰው ይይዛል። በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ እየላክህ አታከፋፍል። ስቶሩ ጌሙን ለየስልኩ ከፋፍሎ ስለሚልከው፣ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ዋናው ቁራጭ ብቻ ሲሻገር ወይ አይጫንም ወይ ሲከፈት ይወድቃል። አንተ የሌለ ስህተት ስትፈልግ ትውላለህ።

ወደ ቁጥሩ ስንመጣ፣ ከ12 ጓደኛ ሪቴንሽን (ከጫኑት ስንቱ እንደተመለሰ) አይወጣም። 40 ሰው ጭኖት 16ቱ በማግስቱ ቢመለሱ 40 በመቶ ነው፤ ግን በዚህ ብዛት እውነተኛው ከ25 እስከ 55 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል። 400 ሰው ሲሆን ልዩነቱ ወደ 5 ነጥብ ግራና ቀኝ ይጠባል። በትንሽ ሰው ማየት የምትችለው ሌቭሉን ነው። ፋየርቤዝ (ተጫዋቹ የሚያደርገውን የሚመዘግብልህ የጎግል አገልግሎት) ላይ ሌቭል ሲጀመር፣ ሲያልቅ፣ ሲወደቅ የሚላኩ ሦስት ኢቨንቶች ብቻ አድርግ፤ የሌቭሉን ቁጥር ፓራሜትር አድርገህ አስገባው። ለ60ው ሌቭል ለየብቻ ስም ከሰጠህ 180 ስም ይሆናል፣ ጣሪያው ደግሞ 500 ነው። ፓራሜትሩን ከስተም ዳይሜንሽን ብለህ ካላስመዘገብከው ሪፖርቱ ላይ አይታይም፤ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከዚያ በእያንዳንዱ ሌቭል ከጀመሩት ውስጥ ስንቱ ቀጣዩን እንደጀመረ፣ አንድ ሰው ለማለፍ ስንቴ እንደሞከረ እይ። 1፣ 2፣ 2 እያለ መጥቶ 7ኛው ላይ 9 ከሆነ መልሱ እዚያው ነው።

ሳቢያን_ጌምስ

ሁላችሁም ተባረኩ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ሲለቀቅ መጀመሪያ ለ10 በመቶ ሰው ብቻ ማድረግ እችላለሁ? ማስታወቂያስ በቴስቱ ጊዜ ይኑር ወይስ ይቅር?

ኮንሶል_ነው

ለመጀመሪያው ልቀት አይቻልም፤ በመቶኛ እየከፈሉ መልቀቅ ለአፕዴት ብቻ ነው። ያለህ አማራጭ አገር መምረጥ ነው፦ ኢትዮጵያን ብቻ ከፍተህ ጀምር፣ ቁጥሩ ሲረጋ ሌላውን ጨምር። ኦፕን ቴስቲንግም አለ፣ ግን ላንተ ዓይነት አካውንት የሚከፈተው ከፈቃዱ በኋላ ነው። ጥሩነቱ እዚያ የሚሰጥህ አስተያየት ላንተ ብቻ ነው የሚታየው፣ ኮከብህን አይነካም። ከተለቀቀ በኋላ ኮንሶሉ ውስጥ ቫይታልስ የሚለውን የጤንነት ሪፖርት ክፈት፤ የክራሽ መጠንህ ከ1.09 በመቶ፣ ጌሙ ደርቆ መልስ የማይሰጥበት ደግሞ ከ0.47 በመቶ ካለፈ ጎግል ስቶሩ ላይ ወደ ኋላ ሊገፋህ ይችላል።

ፈረስ_መጋላ (ሐረር)

ማስታወቂያው ይኑር፣ ምክንያቱም ሰው የሚወጣበት አንዱ ቦታ እሱ ነው። ግን የአድሞብ (የጎግል ማስታወቂያ አገልግሎት) የመሞከሪያ አይዲ ተጠቀም። በእውነተኛው አይዲ ጓደኞችህ «እንርዳው» ብለው ሲጫኑልህ አካውንትህ ሊታገድ ይችላል። ሙሉ ስክሪን የሚሸፍነውን ከ5ኛው ሌቭል በፊት አታሳይ፤ ይሄ የእኔ ሚዛን ነው፣ ግን ገና መንዳት ያልለመደ ሰው ፊት ማስታወቂያ መዝጋት «ውጣ» እንደማለት ነው።

በተረፈ ዳታ አጥፍተህ ክፈተው፣ ከዚያ ደካማ ኔትወርክ ላይ። ሁለተኛው ይብሳል። ሪሞት ኮንፊግ (ጌሙ ሲከፈት ሴቲንጉን ከኢንተርኔት የሚያመጣው የፋየርቤዝ አገልግሎት) ካለህ መልስ የሚጠብቀው እስከ 60 ሰከንድ ነው፤ 3 ሰከንድ አድርገውና ካልመጣ ባለው ይጀምር። ሌቭል መሃል ላይ ስልክ አስደውልበት፣ ስክሪኑን ቆልፈው፣ ከሪሰንት ጠርገህ አጥፋው። ያለፈውን ሌቭል የምትሴቭበት ኮድ ጌሙ ሲዘጋ የሚጠራው ላይ ብቻ ከሆነ ይጠፋል፤ አንድሮይድ ሲገድለው ያንን ላይጠራው ይችላል። ወደ ጀርባ ሲሄድ በሚጠራው ፖዝ ላይ አድርገው፣ ሌቭል በተጠናቀቀ ቁጥርም ሴቭ አድርግ። 12ኛ ሌቭል ደርሶ 1ኛ ላይ የተመለሰ ሰው አፕዴት አይጠብቅልህም።

ጽሑፉም ተረስቷል። ድሬ ላይ አማርኛ የማያነብ ተጫዋች ብዙ ነው፤ ኦሮምኛና ሶማልኛ ካልጨመርክ ማስተማሪያው በጣት ምልክት ብቻ ይሁን። የአማርኛውን ፎንት ደግሞ ቴክስት ሜሽ ፕሮ (የዩኒቲ ጽሑፍ ማሳያ) ላይ ሁሉንም ፊደል አስገብተህ አዘጋጀው፤ ካልሆነ አንተ ስልክ ላይ ያላየኸው «ኟ» ሌላ ሰው ስልክ ላይ ሳጥን ሆኖ ይወጣል።

ደቻቱ_ዳር

ሬንደር ስኬሉን ስትቀንስ የሜኑው ጽሑፍ አብሮ እንዳይደበዝዝ ካንቫሱን (ጽሑፍና በተኖቹ የሚቀመጡበትን) ኦቨርሌይ የሚለው ላይ አድርገው።