የተረከዝ ደም ምርመራ ለሁሉም ሕፃን ግዴታ ይሁን? የቱሉ ዲምቱ ወላጆች ክርክር

አወያይ፦ የትናንቱ ይቀጥል። ጥያቄው፦ አዲስ የተወለደ ሕፃን ሁሉ በ3ኛው ቀን አካባቢ ከተረከዙ ጥቂት ጠብታ ደም ተወስዶ የታይሮይድ ሆርሞን (አንገት ላይ ያለው ዕጢ የሚሠራው፣ ለአንጎልና ለሰውነት እድገት የሚያስፈልገው) እጥረት እንዲመረመር ግዴታ ይሁን ወይ? ስድብ የለም። የውሃ ፈረቃ ጉዳይ በሌላው ግሩፕ።

የብሎክ 31 እናት፦ ይሁን እላለሁ። ልጄ ስትወለድ አታለቅስም ነበር። ጡት እንኳ ቀስቅሼ ነው የማጠባት። አራስ ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ሰጠሽ!» ሲለኝ እኮራ ነበር። ቢጫነቷ አልለቅ ሲል በረንዳ ላይ ፀሐይ አሞቅኳት። ሆዷ ይደርቃል፣ እምብርቷ ወጣ ብሏል፣ ምላሷ አፏ ውስጥ አልበቃ ብሏል። በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳም እንቅልፍ ላይ ነበረች። ሕመሟ የታወቀው 7 ወር ሲሞላት ነው። አሁን 5 ዓመቷ ነው፤ ሁለት ቃል አገጣጥማ መናገር የጀመረችው ዘንድሮ ነው። መድኃኒቷ በቀን አንድ ጊዜ የምትሰጥ ትንሽ ክኒን ናት። ያኔ በማንኪያ ጀርባ ፈጭቼ በታለበ ጡት ጠብታ አርጥቤ እሰጣት ነበር፤ አሁን ራሷ ትውጣለች። የዘገየው መድኃኒቱን መጀመሯ ነው።

ሒሳብ ይቅደም፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። እኔ ግን አልደግፍም። በዓለም ያለው ግምት ከ2,000 እስከ 4,000 ሕፃናት 1 ነው። እናት ጓንት ገዝታ እንድትመጣ በሚነገርባት አገር ለ1 ልጅ 3,000 ተረከዝ እንውጋ? መጀመሪያ አዮዲን! ዕጢው ሆርሞኑን የሚሠራው ከእሱ ነው። ጨው በአዮዲን ይበልጽግ የሚለው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ እስቲ ከሱቅ የምንገዛውን ጨው ማን መረመረው?

የሌሊት ተረኛ፦ ነርስ ነኝ። ወንድሜ፣ ሒሳቡን ጨርሰው። በአገራችን በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉ። በአንተው ስሌት በየዓመቱ 1,000 ልጅ ገደማ ማለት ነው። ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ከተጀመረ አብዛኞቹ እንደ እኩዮቻቸው ያድጋሉ። ጨውን በተመለከተ ግማሽ ልክ ነህ፤ እርጉዟ አዮዲን ካጣች የጽንሱ አንጎል ይጎዳል። ጨው በክዳን ይቀመጥ፣ ወጥ ሊወርድ ሲል ይጨመር። አዮዲን በበቂ በሚገኝበት አገር ግን አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሕፃናት የታይሮይድ ዕጢያቸው ጭራሹን ያልተፈጠረ ወይም ቦታውን የሳተ ነው። ለሌለ ዕጢ ጨው ምን ያደርግለታል?

ሰባት ቤት ቆጣሪ፦ ዘር ቆጥረን የምንጋባ ሰዎች ነን፤ የዘር በሽታ ከየት መጣብን?

የሌሊት ተረኛ፦ ጋሼ፣ አብዛኛው በዘር የሚተላለፍ አይደለም። ከ100 ወደ 15 የሚሆነው ዕጢው እያለ ሆርሞኑን መሥራት ሲያቅተው ነው፤ ያ ብዙውን ጊዜ ከእናትም ከአባትም የተወረሰ ነው። ሁለቱም ጤነኛ ሆነው ሳያውቁ ሊሸከሙት ይችላሉ። ሰባት ቤት መቁጠር ዕድሉን ይቀንሳል፣ አያጠፋውም። የማንም እርግማን አይደለም፣ እባካችሁ እናቶችን አትውቀሱ።

ባሕር ማዶ፦ እናንተ ገና ተረከዝ ላይ ናችሁ! እንግሊዝ የ100,000 ሕፃናትን ሙሉ ጂኖም (የዘር መረጃቸውን በሙሉ) አንብባ ከ200 በላይ በሽታዎችን የምትፈልግ ጥናት ጀምራለች፤ ደሙም ባብዛኛው ከእትብት ነው የሚወሰደው።

የብሎክ 31 እናት፦ ወንድሜ፣ ካናዳ ኩቤክ ይሄን የተረከዝ ምርመራ የጀመረችው እንደ ፈረንጆቹ በ1970ዎቹ ነው። እኛ 50 ዓመት ወደኋላ ሄደን ያንን እንኳ ብናገኝ እልል እንላለን።

ሒሳብ ይቅደም፦ እሺ፣ ዋናውን ልናገር። እናት በወለደች ማግስት ትወጣለች። ደሙ ደግሞ ከ48 ሰዓት በኋላ ቢወሰድ ይመረጣል፤ ሕፃን እንደተወለደ ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚቀሰቅሰው፣ በምርመራው የሚለካው ሆርሞን) ለጊዜው ስለሚንር ቀድሞ የተወሰደ ያሳስታል። ታዲያ ማን ይመለሳል? የሚመለሰው ለ45 ቀን ክትባት ነው፣ ያኔ 2 ሳምንቱ አልፏል። ደሙ የተንጠባጠበበት ወረቀት ላብራቶሪ ደርሶ ውጤቱ ሲመጣስ ማን ይደውላል? እናት ሲም ቀይራለች፣ ተከራይ ከሆነች ቤት ቀይራለች። ደውሎ የማያገኝ ምርመራ ግዴታ ማድረግ ለሪፖርት ብቻ ነው።

የብሎክ 31 እናት፦ በዚህ አልከራከርህም። የልጄ የመጀመሪያ የደም ውጤት አንድ መሳቢያ ውስጥ 3 ሳምንት ተኝቷል። እኔ ሄጄ ነው ያወጣሁት።

የሌሊት ተረኛ፦ ለዚህ እኮ ነው ግዴታው በእናት ላይ ሳይሆን በጤና ጣቢያው ላይ ይሁን የምለው። በ3ኛው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ድረስ ትሂድ። ጠብታዋ ወረቀት ላይ ትደርቃለች፣ በፖስታ ትላካለች፣ ማቀዝቀዣ አያሻትም።

ሒሳብ ይቅደም፦ ቤት ድረስ ከሆነ ግማሽ ድምፅ ስጡኝ።

የብሎክ 9 ነፍሰ ጡር፦ ይቅርታ ላቋርጥ። 8 ወሬን ይዣለሁ። ደንቡ እስኪወጣ እኔ ምን ላድርግ?

የሌሊት ተረኛ፦ የኔ እናት፣ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ሕፃኑን ይዘሽ ቲኤስኤች የሚሠራ ላብራቶሪ ሂጂ፤ ከደም ሥሩ ደም ይወስዱለታል። ውጤቱን በእጅሽ ተቀብለሽ ለሐኪም አሳዪ።

ሒሳብ ይቅደም፦ ስልክሽን ደግሞ ሁለት አጽፊ። የአንቺንም የባልሽንም።