ሻምፒዮን ሆኖ የማያድግ ቡድን አለ እንዴ? (የጃፓን 4ኛ ሊግ)

የፒያሳው ልጅ፣ ደሴ፦
ሰላም ጀማው። አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። እሁድ ጠዋት የውርርድ ትኬት ስቆርጥ ጃፓን 4ኛ ሊግ ላይ ሆንዳ የሚባል ቡድን አየሁ። ሞተር ሳይክሉ ኳስም ይጫወታል እንዴ ብዬ ሳቅሁ። ማታ ዩቲዩብ ላይ ስጎረጉር ግን ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2023 ሊጉን በልቷል። በልቶም አላደገም! ሁለተኛ የወጣውም አላደገም። ከላይም የወረደ የለም። ደሴ ከተማ አንደኛ ወጥቶ «እዚሁ ይሻለኛል» ቢል ሆጤ ስታዲየም ላይ ምን እንደሚፈጠር አስቡት። የሚያውቅ ያስረዳኝ።

ሸዋበር፦
ትኬትህ ተበልቶ ነው አይደል የምትጠይቀው?

ቦርከና ማዶ፣ ኮምቦልቻ፦
አብሽር፣ እኔ ልንገርህ። የስፖርት አስተማሪ ነኝ። ድሮ አንድ ጃፓናዊ በጎ ፈቃደኛ አብሮን ያስተምር ነበር፤ ይሄን በሽታ ያስያዘኝ እሱ ነው። እዛ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲጀምሩ እኛ ጋ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። እሁድ ባለቤቴ ቡና ስትቆላ እኔ ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ።

ከላይ ሦስቱ የፕሮፌሽናል ሊጎች ጄ1፣ ጄ2 እና ጄ3 አሉ። ከእ.ኤ.አ. 2024 ጀምሮ እያንዳንዳቸው 20 ክለብ ሆነዋል። ከእነሱ ስር ያለው ጄኤፍኤል (ጃፓን ፉትቦል ሊግ) ይባላል፣ አንተ ያየኸው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሲጀመር 3ኛ እርከን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ጄ3 መጣና አንድ ደረጃ ወደ ታች ገፋው። 16 ቡድን ደርሶ መልስ ይጫወታል፣ 30 ጨዋታ ማለት ነው።

ዋናው ነገር ምን መሰለህ? እዚህ ሊግ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቡድን አንድ ላይ ነው የሚጫወተው። አንዱ ወደ ጄ3 ለመውጣት የሚንጠራራ የከተማ ክለብ ነው። ሌላው የኩባንያ ቡድን ነው። የሆንዳ ልጆች የድርጅቱ ሠራተኞች ናቸው፣ ሃማማትሱ የምትባል ከተማ። ማደግ አይፈልጉም፣ ግን ማንንም በነፃ አያሳልፉም። ጃፓኖቹ «የበር ዘበኛ» ይሏቸዋል። በረኛ አላልኩም፣ ዘበኛ! ላይኛው ቤት ለመግባት በእነሱ በኩል ማለፍ አለብህ። የእኛዎቹ የመሥሪያ ቤት ቡድኖች እንዲህ አይደሉም። ንግድ ባንክ በ2016 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ወስዶ የለ!

ለማደግ ደግሞ ነጥብ ብቻ አይበቃም። ከአንደኛና ሁለተኛ አንዱን መያዝ አለብህ፤ ከዚያ የጄ3 ፈቃድ። ስታዲየምህ ይታያል፣ ሒሳብህ ይታያል፣ ተመልካችህም ይቆጠራል፤ በአማካይ 2,000 ሰው። በ2023 ሆንዳ አንደኛ፣ ኡራያሱ ሁለተኛ ወጡ። ኡራያሱም ፈቃዱ አልነበራትም። ስለዚህ ሁሉም ባለበት ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ግን ቶቺጊ ሲቲ አንደኛ ወጥቶ በቀጥታ ገባ። ሁለተኛው ኮቺ ደግሞ ከጄ3 ታች ከነበረው የዮኮሃማ ቡድን ጋር በመለያ ተጫውቶ አሸንፎ አለፈ።

የፒያሳው ልጅ፦
ቲቸር ይቅርታ፣ አንተ ብዬ ልጽፍ ነበር። 2,000 ሰው እኮ ሆጤ ከአጥር ውጭ ቆሞ የሚያየው ብቻ ይሞላዋል። እሺ፣ ጄኤፍኤል ራሱ ውስጥስ ከየት ነው የሚገባው?

ቦርከና ማዶ፦
እሱ ነው ጉድ! ከስር 9 የክልል ሊጎች አሉ፣ ከሆካይዶ እስከ ኪዩሹ። ከእነሱም ስር የየአውራጃው ሊግ አለ። የ9ኙ ሻምፒዮኖችና ከሌላ ውድድር የሚመጡ 3 ቡድኖች ኅዳር አካባቢ ይገናኛሉ። 12 ቡድን፣ 3 ምድብ። በ3 ቀን 3 ጨዋታ! በመሃል እረፍት የለም። ያለፉት 4ቱ እንደገና ይጫወታሉ። አንደኛው ይገባል፤ ሁለተኛው ከጄኤፍኤል መጨረሻ አካባቢ ካለ ቡድን ጋር የመለያ ጨዋታ ይጫወታል።

ያ «ሌላ ውድድር» ያልኩት ደግሞ ይብሳል። 32 ቡድን፣ በ5 ተከታታይ ቀን 5 ጨዋታ፣ አንዱ 80 ደቂቃ። እኔ አንዴ ልጆቼን ሁለት ቀን በተከታታይ አጫውቼ በማግስቱ ደረጃ መውጣት አቅቷቸው ነበር። በሶ በጥብጬ ባጠጣም አልተቻለም።

የሐይቅ ልጅ፦
እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። ማደግ ካልፈለገ ለምን ቦታ ይይዛል? ለሚፈልገው ይልቀቅ።

ቦርከና ማዶ፦
እህቴ፣ እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነበር የምለው። ከዚያ እ.ኤ.አ. የ2019ን የንጉሠ ነገሥቱን ዋንጫ፣ የጃፓንን ጥሎ ማለፍ ማለቴ ነው፣ አየሁ። ሆንዳ ከጄ1 ሳፖሮን ጣለ፣ ቆይቶ ደግሞ ኡራዋ ሬድስን 2 ለ 0። ሩብ ፍጻሜ ደርሶ ነው ካሺማ 1 ለ 0 ያስቆመው። ቀን መሥሪያ ቤት የሚውሉ ልጆች ናቸው እኮ!

የሚያሳዝነኝ ሌላው ነው። ሶኒ ሰንዳይ የሚባል የፋብሪካ ቡድን ነበር፣ በ2024 መጨረሻ ፈረሰ። ደጋፊ አይገዛው፣ ከተማ አያድነው፤ ባለቤቱ በቃኝ ካለ በቃ። እኔም በወጣትነቴ የተጫወትኩበት የፋብሪካ ቡድን እንዲሁ ነው የቀረው። አንድ ሰኞ ልምምድ ስንሄድ የኳስ መጋዘኑ ተቆልፏል። ማንም ምንም አላለን። 6 ቁጥር ማሊያዬ እስካሁን ሳጥን ውስጥ አለ፤ ባለቤቴ ለወለል መወልወያ ልታደርገው ስንት ጊዜ ተጣልተናል።

ሸዋበር፦
እዛው ሊግ ላይ የ57 ዓመት ሰውዬ ይጫወት ነበር ያሉኝስ እውነት ነው ወይስ ቀልድ?

ቦርከና ማዶ፦
እውነት ነው። ካዙዮሺ ሚዩራ። በ2024 ሱዙካ የሚባል ቡድን ውስጥ ነበር። አንተ በ30 ዓመትህ የጦሳን ዳገት በባጃጅ ነው የምትወጣው።

የፒያሳው ልጅ፦
ቲቸር፣ እሁድ እኔም አብሬ ልይ? ትኬት አልቆርጥም፣ ወላሂ።

ቦርከና ማዶ፦
ና፣ ቡናው አይጠፋም። ግን 1 ሰዓት ይጀምራል ብያለሁ።

የፒያሳው ልጅ፦
ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የመጀመሪያው ሚኒባስ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?