«ኤሊፕስ» ሞላላ ነው ወይስ ጉድለት?

ጥያቄ፦ ልጄን ሒሳብ ሳስጠና «ኤሊፕስ»ን «ሞላላ» ብዬ ተረጎምኩላት። «እንቁላልም ሞላላ ነው፤ እንቁላል ኤሊፕስ ነው?» ብላ አፋጠጠችኝ። ምን ልበላት?

መልስ፦ ልጅሽ ልክ ናት። እንቁላል አንድ ጫፉ ሾል ይላል፤ የኤሊፕስ ሁለቱም ጫፎች እኩል ናቸው። ካርቶን ላይ ሁለት ሚስማር በ8 ሴንቲሜትር አራርቀሽ ምቺ። የክሩን ሁለት ጫፎች እሰሪባቸው፤ በቋጠሮዎቹ መሀል ያለው ክር 10 ሴንቲሜትር ይሁን። ክሩን በእርሳስ ወጥረሽ ዙሪያውን አስኪጂው። 10 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 6 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ኤሊፕስ ይወጣልሻል። እርሳሱ የትም ይድረስ፣ ከሁለቱ ሚስማሮች ያለው ርቀት ሲደመር ያው 10 ነው። «ሞላላ» መልኩን እንጂ ይህን አይነግርም።

ሌላ መልስ፦ የግሪኩ ስምማ ከመልኩ ጋር ጉዳይም የለው። ስሙን ያወጣው የጴርጌው አፖሎኒዮስ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 200 ዓመት ገደማ። ሰውዬው ለእያንዳንዱ ጥምዝ መስመር የአንድን ካሬ ስፋት ከአንድ ሬክታንግል ስፋት ጋር ያስተያያል። ካነሰ ኤሊፕስ፣ ማለትም ጉድለት። ከበለጠ ሃይፐርቦላ፣ ትርፍ። እኩል ከሆነ ፓራቦላ፣ ጎን ለጎን ማኖር። የሚገርመኝ የመጨረሻው ነው፤ በወንጌል «ምሳሌ» የምንለው በግሪኩ ይኸው ቃል ነው። ነገርን ከነገር ጎን አኑሮ ማስተያየት አይደል? «ሃይፐርቦላ»ም በሥነ ጽሑፍ ክፍል «ግነት» ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ጠያቂዋ፦ ወይ ጉድ! የየሚስማሩ ነጥብ ስም የሆነውን «ፎከስ»ንስ «ትኩረት» እንበለው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! በላቲን «ምድጃ» ማለት ነው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር ነው በ1604 እ.ኤ.አ. ለጂኦሜትሪ ያዋለው። ፓራቦላ ቅርጽ ያለው መስታወት የፀሐይን ጨረር ፎከሱ ላይ ሰብስቦ እሳት ያስነሳል፤ እኔ «ምድጃ» ብለው ደስ ይለኛል። አሁን ወረቀት አምጪ። ከታችኛው ጠርዝ 3 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርገሽ ነጥብ አኑሪ፤ ምድጃው እሱ ነው። ጠርዙ ነጥቡን እንዲነካ አጥፈሽ ዘርጊ። በየጊዜው ሌላ የጠርዙን ቦታ እያስነካሽ ሃያ ጊዜ ያህል ድገሚ።

ጠያቂዋ፦ አጠፍን። ከእጥፋቶቹ መሀል ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ መስመር ወጣ! ልጄ «ምድጃው ከጠርዙ ቢርቅስ?» ብላ ሌላ ወረቀት ጀምራለች።

መልስ፦ ሳህኑ ፓራቦላ ነው፤ ምድጃው ሲርቅ ይሰፋላታል።