ጥቆማ፦ በጎንደር ለቤትና ለንግድ ቤት ኢንተርኔት፤ ሜጋ ከመጨመር በፊት መለካት

«ስንት ሜጋ ይበቃኛል?» የሚለው ጥያቄ ከማራኪም ከአዘዞም ደጋግሞ ስለሚደርሰኝ፣ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ኔትወርክ ስከታተል ካየሁት በመነሣት ጥቆማዬን አቀርባለሁ።

በቅድሚያ መለኪያውን እናጥራ። በውል ላይ የሚጻፈው «ሜጋ» ሜጋ ቢት በሰከንድ ሲሆን፣ ኮምፒውተራችን ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው ግን ብዙ ጊዜ ሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ የ10 ሜጋ መስመር በሰከንድ ቢበዛ 1.25 ሜጋ ባይት ያወርዳል፤ 700 ሜጋ ባይት የሆነ ፊልምም ከ9 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። «ከከፈልኩት ሩቡን እንኳ አላገኘሁም» የሚሉ አንዳንድ ደንበኞች የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ለመለካት ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ፣ ሌሎቹን መሣሪያዎች አላቅቆ፣ ጠዋትና ማታ ለጥቂት ቀናት ውጤቱን መመዝገብ ያስፈልጋል። ስፒድቴስት የተባለው የፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ ቅርብ ያለ ሰርቨር (የሚለካበትን ኮምፒውተር) ስለሚመርጥ ውጤቱ ያማረ ይሆናል፤ ስለዚህ አውሮፓ ያለ ሰርቨር መርጦ መድገም ይበጃል። ፋስት ዶት ኮም ቀላል ቢሆንም መጀመሪያ የሚያሳየው የማውረጃውን ፍጥነት ብቻ ነው። እኔ የምመርጠው የክላውድፍሌርን መለኪያ ነው፤ ምክንያቱም መስመሩ ሥራ ሲበዛበት ምላሹ ምን ያህል እንደሚዘገይ ለይቶ ያሳያል።

የዚህ ቁጥር ጥቅም የገባኝ በጥምቀት ሰሞን ነው። ክፍሎቹ ሁሉ በእንግዳ ተይዘው ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ጥቅሉን በእጥፍ አሳደግን፤ ለውጥ ግን አልነበረም። ለካስ ከፋሲለደስ መዋኛ የተመለሱት እንግዶች ስልኮች ፎቶና ቪዲዮ ወደ ኢንተርኔት ላይ መጠባበቂያ (ባክአፕ) እየጫኑ የመላኪያውን መንገድ ዘግተውት ኖሯል። መላኪያው ሲጨናነቅ የሚወጣው መረጃ በራውተሩ ውስጥ ረጅም ሰልፍ ስለሚይዝ፣ አንድ ገጽ ለመክፈት የሚላከው ትንሽ ጥያቄ ሳይቀር ከኋላ ቆሞ ይጠብቃል፤ ማውረጃው ባዶ ቢሆንም እንኳ ሁሉም ነገር የዘገየ ይመስላል።

መፍትሔው ሰልፉን የሚያስተካክል ራውተር ነበር። ለንግድ ቤት ማይክሮቲክ የሚባለውን የራውተር ዓይነት እጠቁማለሁ፤ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ድርሻ መመደብ ያስችላል፣ ነገር ግን ማዋቀሩ ባለሙያ ይፈልጋል። ለመኖሪያ ቤት የፍጥነት መገደቢያ ያለው የቲፒ ሊንክ ሞዴል ይበቃል፤ መገደቢያው የሌላቸው ሞዴሎችም ስላሉ ከመግዛት በፊት ይጠየቅ። ትንሽ መሞከር ለሚወድ ኦፕን ደብሊውአርቲ የተባለውን ነፃ የራውተር ሶፍትዌር የሚቀበል ራውተር ላይ ኤስኪውኤም የሚባለውን የሰልፍ ማስተካከያ መጫን ከሁሉም ይሻላል። በየትኛውም ቢሆን በራውተሩ ላይ የሚሞላው የፍጥነት ጣሪያ ከተለካው ፍጥነት 85 ወይም 90 በመቶ ላይ ይቀመጥ፤ ያለበለዚያ ሰልፉ ከእጃችን ወጥቶ ወደ አቅራቢው መሣሪያ ይዛወራል።

ስለ መስመሩ ዓይነት ብዙ የምለው የለም። የኢትዮ ቴሌኮም ፋይበር በአካባቢያችሁ ካለ እሱን አስቀድሙ፤ የመዳብ (የስልክ ሽቦ) መስመር ከስልክ ማዕከሉ በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል። በሲም የሚሠራ ራውተር፣ የኢትዮ ቴሌኮምም ይሁን በ2022 እ.ኤ.አ. አገልግሎት የጀመረው የሳፋሪኮም፣ ፍጥነቱ እንደ ሰዓቱ ስለሚለዋወጥ ለመጠባበቂያ ብመርጠው ይሻለኛል። ከመዋዋል በፊት ሲሙን በስልክ አድርጎ በዚያው ክፍል ውስጥ ማታ መለካት ወጪ ያድናል።

ለመጠን መነሻ ይሆን ዘንድ፣ ዩቲዩብ ለ1080 የቪዲዮ ጥራት የሚመክረው 5 ሜጋ ነው፤ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ቪዲዮ እንደሚያይ ቆጥራችሁ አስሉ። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ባለው አሮጌ ቤት ግን 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ከክፍል ክፍል እምብዛም ስለማይሻገር፣ ለተጨማሪ ሜጋ የታሰበው ገንዘብ ለኬብልና ለሁለተኛ ዋይፋይ ማሰራጫ ቢውል ይሻላል። መብራት ሲጠፋ መስመሩ አብሮ እንዳይጠፋ ደግሞ ለራውተር የሚሆን አነስተኛ ዩፒኤስ ግዙ፤ ስትገዙም ቮልቱ በራውተሩ አስማሚ ላይ ከተጻፈው ጋር መግጠሙን አረጋግጡ።