ጌማችን ራሱን እንዲችል ምን እናድርግ?

ደሴ ላይ ሁለት ሆነን የሞባይል ጌም እየሠራን ነው። ተጫዋቹ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዶ ግመል ይገዛል፣ ይሸጣል። ጎዶት በሚባል ነጻ የጌም መሥሪያ ስለምንሠራው ለሶፍትዌሩ አንከፍልም። ወጪው ያለው ሥዕሉ ላይ ነው። ግመል ስትንበረከክ መጀመሪያ የሚታጠፈው የፊት እግሯ ነው፤ ይቺን እንቅስቃሴ ብቻ ለማስተካከል አኒሜተራችን ብዙ ደክሟል፣ ክፍያውም የሚገባው ነው። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ለገበያው ከተተወ ወዲህ ደግሞ በዶላር የምንገዛው ድምፅ አልቀመስ ብሏል።

ማስታወቂያ አስገብተን ሞከርን፤ ሰው ተሰላችቶ ወጣ። ጌሙ ውስጥ ዕቃ እንዳንሸጥ፣ አብዛኛው ተጫዋች ቴሌብር እንጂ የባንክ ካርድ የለውም። ከተሸጠም ጎግል ፕሌይ 15 በመቶ ይቆርጣል።

ጌም ሠርታችሁ የሸጣችሁ፦ የመጀመሪያውን ክፍል በነጻ ሰጥታችሁ ቀሪውን በአንድ ጊዜ ክፍያ ስታስከፍቱ፣ ገቢው የአኒሜተር ደሞዝ ሸፍኖላችኋል?