አዲስ ርዕሰ መምህር ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ባሉት 3 ሳምንታት ምን ያስቀድም?

አዲስ ምድብ፦
ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ባልደረቦቼ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆኜ ተመድቤያለሁ። ትምህርት ሊጀመር 3 ሳምንት ቀርቶታል። 24 ክፍል (12 ዘጠነኛ፣ 12 አሥረኛ)፣ 960 ተማሪዎችና 44 መምህራን አሉ። በቀን 7 ክፍለ ጊዜ፣ በሳምንት 5 ቀን ይሠራል። ቤተ ሙከራ፣ የኮምፒውተር ክፍልና ሜዳ አንድ አንድ ብቻ ናቸው። የቀድሞው ርዕሰ መምህር ለርክክብ የሚቆዩት 2 ቀን ነው። ከምክትሎቹ አንዱ ለዚሁ ቦታ ተወዳድሮ ነበር። በርክክቡ ምን ላይ ላተኩር? የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ከየት ይጀመር? መለወጥ የምፈልጋቸውን ነገሮችስ ከመጀመሪያው ሳምንት ልጀምር ወይስ ልቆይ?

ንብረትና መዝገብ፦
እንኳን ደስ አለዎት። በ2 ቀን ሙሉ ቆጠራ ስለማያልቅ ከወንበርና ከጠረጴዛ አይጀምሩ። የመጀመሪያውን ቀን ኃላፊነት ለሚያስከትሉት ያውሉት፦ ማኅተም፣ የባንክ ፊርማ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ ያላለቁ ውሎች፣ መልስ ያላገኙ ደብዳቤዎች፣ የቢሮና የመዝገብ ክፍል ቁልፎች።

ደረሰኝ ላይ መጨረሻ የተቆረጠውንና ቀጥሎ ያለውን ያልተቆረጠ ተከታታይ ቁጥር በርክክብ ሰነዱ ላይ ጽፈው ሁለታችሁም ፈርሙበት። የወጪ ደብዳቤ ቁጥርም እንዲሁ። ይህ ካልተጻፈ ከርክክብ በኋላ በቀድሞ ቀን የወጣ ወረቀት ቢመጣ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ከባንኩ የዕለቱን ቀሪ ሂሳብ መግለጫ ይውሰዱ፤ ፊርማው እስኪቀየር ምንም ክፍያ አይውጣ።

በሁለተኛው ቀን በናሙና ይፈትሹ። ከንብረት መዝገቡ 20 ዕቃ መርጠው በአካል ይፈልጉ፤ ከዚያ በየክፍሉ ካዩት 20 ዕቃ መርጠው መዝገቡ ላይ ይፈልጉ። የመጀመሪያው የጠፋውን ያሳያል፣ ሁለተኛው ሳይመዘገብ የገባውን። ብዙዎች የመጀመሪያውን ብቻ ሠርተው ያቆማሉ። ልዩነት ካገኙ "ሙሉ ቆጠራ እስኪጠናቀቅ ንብረቱን በቆጠራ አልተረከብኩም" የሚል ቃል በቃለ ጉባኤው ይግባ። በውጤት መዝገብም የ5 ተማሪዎችን ትራንስክሪፕት ከሮስተሩ (ከክፍሉ የውጤት ማጠቃለያ)፣ ሮስተሩን ከመምህሩ ማርክ ሊስት ጋር ያስተያዩ።

የሰሌዳ ሰው፦
ድልድሉን ለብቻው ላንሳው፤ የመጀመሪያውን ወር የሚያምሰው እሱ ነው። ሰሌዳው ላይ አንድ ስም ከመጻፉ በፊት ስሌቱ ይሠራ።

24 ክፍል በ35 ክፍለ ጊዜ 840 ይሆናል። ለ44 መምህራን ሲካፈል በአማካይ 19 ገደማ ነው፤ የሚበቃ ይመስላል። እጥረቱ የሚወጣው ግን በየትምህርት ዓይነቱ ሲሰላ ነው። ሒሳብ በሳምንት 5 ከሆነ 120 ክፍለ ጊዜ ነው፤ 6 መምህራን ካሉ ለእያንዳንዳቸው 20 ይደርሳል። ፊዚክስ 3 ከሆነ 72 ነው፤ መምህራኑ 3 ብቻ ከሆኑ 24፣ 24 ይሸከማሉ፤ 4 ቢሆኑ 18። ይህን ሠንጠረዥ ዛሬውኑ ይሥሩት። አሁን ከሆነ ተጨማሪ መምህር ለመጠየቅ ጊዜ አለ፤ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ግን መልሱ እስኪመጣ ተማሪው ያለ መምህር ይቀመጣል።

ቀጥሎ ቦታ። ሜዳው በሳምንት ያለው 35 ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ስፖርት ለየክፍሉ 2 ከሆነ 48 ይፈለጋል። ስለዚህ ቢያንስ 13 ጊዜ ሁለት ክፍል አብሮ ሜዳ መውጣቱ አይቀርም። የትኞቹ ክፍሎች እንደሚጣመሩ አስቀድመው ይወስኑ፤ ካልተወሰነ በዘፈቀደ ዘጠነኛና አሥረኛ ተቀላቅለው ይወድቃሉ፣ አንድ መምህርም 80 ልጅ ይዞ ይቀራል። ኮምፒውተር 2 ከሆነ አንዱን በመማሪያ ክፍል፣ አንዱን በኮምፒውተር ክፍል ያድርጉት፤ 24ቱ በ35 ውስጥ ገብተው ለጥገና 11 ይተርፋሉ።

ሰሌዳው ላይ ሲሰፍር ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ በተወሰኑ ቀናት ብቻ የሚመጡ የትርፍ ሰዓት መምህራን፣ ቀጥሎ ተከታታይ ሁለት ክፍለ ጊዜ የሚፈልግ የቤተ ሙከራ ሥራ፣ ከዚያ ሜዳና ኮምፒውተር፣ ከዚያ በሳምንት 5 ያላቸው (በቀን አንድ አንድ)፣ በመጨረሻ 1 እና 2 ያላቸው። ከመጨረሻዎቹ ከተጀመረ ሒሳብ በአንድ ቀን ሁለቴ ይወድቃል፣ የትርፍ ሰዓቱም መምህር በማይመጣበት ቀን ይመደባል።

የትምህርት ክፍሎች የጋራ ስብሰባ ሰዓትም አሁን ይያዝ። በማንኛውም ክፍለ ጊዜ 24 መምህራን ሲያስተምሩ 20 ነፃ ናቸው። ስለዚህ አባሎቻቸው ተደምረው ከ20 የማይበልጡ ትምህርት ክፍሎችን በአንድ ሰዓት ነፃ ማድረግ ይቻላል። ሰሌዳው ካለቀ በኋላ ይህን ማስገባት ሰሌዳውን እንደገና መሥራት ነው።

በኮምፒውተር ለመሥራት ኤፍኢቲ (FET) የሚባል ነፃ የሰሌዳ ሶፍትዌር አለ። ለየገደቡ እስከ 100 በመቶ ክብደት ይሰጣል። 100 የሚሰጠው ፈጽሞ ለማይጣስ ነገር ብቻ ይሁን። የመምህራን ምርጫ ሁሉ (ጠዋት ብቻ፣ አርብ ከሰዓት አልገባም) 100 ከተባለ ፕሮግራሙ መፍትሔ አጥቶ ሊቆም ይችላል። በመጀመሪያ ያለ ምርጫዎቹ ያስኪዱት፤ ከዚያ አንድ በአንድ ይጨምሩ፤ ሲቆም የትኛው እንዳቆመው ያውቃሉ።

ያለቀውን ሰሌዳ በሦስት በኩል ያንብቡት፦ በክፍል፣ በመምህር፣ በቦታ። በክፍል ብቻ የታየ ሰሌዳ አንድ መምህር በአንድ ሰዓት ሁለት ክፍል መመደቡን አያሳይም። ለመምህራን ትምህርት ከመጀመሩ ቢያንስ 5 ቀን በፊት ይሰጥ፤ 2 ቀን ቅሬታ ይሰብሰብና እርማቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሠራ። አንዱን በመጣ ቁጥር ማንሳት ሌሎች ሦስቱን ያናጋል።

የቆየ ምክትል፦
ለቦታው ተወዳድሮ ከነበረው ምክትል ጋር ከማንም በፊት ለብቻ ይነጋገሩ። ማጽናኛ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የራሱ የሆነ ሥራ ነው። ለምሳሌ ድልድሉንና የቀሪ መምህራንን ምትክ ሙሉ በሙሉ ይስጡት፤ ሳይጠይቅ የሚወስነውን፣ ወስኖ የሚያሳውቀውን፣ የእርስዎን ፊርማ የሚፈልገውን በአንድ ገጽ ጽፈው ተፈራረሙ። መምህር ስለ ሰሌዳው ወደ እርስዎ ሲመጣ ወደ እሱ ይምሩት። የወሰነውን በሰው ፊት አንድ ጊዜ ከሻሩበት ያ ገጽ ዋጋ ያጣል።

የመጀመሪያው ስብሰባ ከ60 ደቂቃ አይለፍ። እያንዳንዱ መምህር ሲወጣ 4 ወረቀት በእጁ ይኑር፦ የራሱ ክፍለ ጊዜ፣ የተማሪዎቹ ስም ዝርዝር፣ የዓመቱ የጊዜ ሰሌዳ፣ የተረኝነት ድልድል። ዕቅድና ራዕይ ረጅም ሰዓት ተነቦለት የሚገባበትን ክፍል ሳያውቅ የሚወጣ መምህር ስለ አስተዳደሩ የሚይዘው ግምት ቶሎ አይለወጥም። የቀረው ግማሽ ቀን ለትምህርት ክፍሎች ይሰጥ፤ የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት ትምህርት አብረው ያቅዱ።

ከዚያ እያንዳንዱን መምህር ለ15 ደቂቃ ያነጋግሩ። 44 መምህራን 11 ሰዓት ነው፤ በቀን 3 ከሆነ በ15 የሥራ ቀን ያልቃል። ለሁሉም ተመሳሳይ ጥያቄ ያቅርቡ፦ እንዳይነካ የሚፈልጉት ምንድን ነው? ሥራዎን በጣም የሚያደናቅፈውስ? የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞችን፣ የሪከርድ (የተማሪ መዝገብ) ክፍሏንና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን አይዝለሉ። የትኛው መጸዳጃ ውኃ እንደሌለው፣ ተማሪ በየት በኩል አጥር እንደሚዘል የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ይጻፉ እንጂ ምንም ቃል አይግቡ።

ለውጡን በተመለከተ ሦስት ነገር አይጠብቅም፦ የተማሪ ደህንነት፣ ገንዘብ፣ በልጅ ላይ የሚደርስ ጉዳት። ሌላው እስከ መንፈቀ ዓመቱ ይቆይ። ለምሳሌ ዕረፍት ለሁለት ተከፍሎ ያገኙት ይሆናል፤ ትርጉም የለሽ ይመስልዎታል፤ ምክንያቱ ግን መጸዳጃው 960 ተማሪ በአንድ ጊዜ ስለማይችል ሊሆን ይችላል።

ሪከርድ፦
በመጨረሻው ላይ ልዩነት አለኝ። የማርፈድ ደንብ እስከ መንፈቅ ሊቆይ አይገባም። በሩ የሚዘጋበትና ያረፈደ የሚመዘገብበት ሥርዓት በመጀመሪያው ቀን ካልተያዘ በ6ኛው ሳምንት ማጥበቅ እጅግ ይከብዳል። ነባሩ ደንብ ደካማም ቢሆን እሱኑ በሁሉም ላይ እኩል ያስፈጽሙት።

ተማሪ ሲደለደል በውጤት ቅደም ተከተል በየደረጃው ላሉት 12 የመማሪያ ክፍሎች ከ1ኛው እስከ 12ኛው አንድ አንድ ከተዳረሱ በኋላ 13ኛው ተማሪ ወደ 12ኛው ክፍል ይግባ፣ 14ኛው ወደ 11ኛው፣ እንዲህ እየተመላለሰ። ሁልጊዜ ከአንደኛው ክፍል ከተጀመረ በየዙሩ የተሻለው ተማሪ እዚያው ይከማቻል። ለወንዶችና ለሴቶች ለየብቻ ይሠራ። ዘግይቶ የሚመጣውን የሚመድበው ሪከርድ ክፍል ብቻ ይሁን፤ መምህራን በየፊናቸው ከተቀበሉ አንዱ ክፍል 40፣ ሌላው 47 ሆኖ ይገኛል።

ለሚለጠፈው ዝርዝር፦ ለየክፍሉ አንድ አንድ፣ በጠቅላላው 12 ወረቀት ለጥፎ ልጁን ከወረቀት ወረቀት ከማዞር ስሙን በፊደል ተራ ጽፎ ክፍሉን ከጎኑ ማስፈር። ለዘጠነኛና ለአሥረኛ በተለያየ ግድግዳ፣ በሁለት ሁለት ቅጂ።

አዲስ ምድብ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የፊዚክስ መምህራን 3 ብቻ ናቸው፤ ጥያቄውን ነገ አቀርባለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የመጀመሪያው ቀን ሙሉ ትምህርት ይሰጥ?

የሰሌዳ ሰው፦
7ቱንም ክፍለ ጊዜ ያስኪዱ፣ ግን እያንዳንዱን በ20 ደቂቃ። የዚያ ቀን ሰሌዳ ስህተት ሁሉ ያን ዕለት ይታያል። ምክትሎቹ በቦታ የተዘጋጀውን ሰሌዳ ይዘው በየኮሪደሩ ይዙሩ፤ መምህር የሌለበትን ወይም ሁለት ክፍል የተጋጨበትን ይመዝግቡ። ቀጣዮቹንም ቀናት እንዲሁ እየተከታተሉ በአምስተኛው ቀን ተማሪዎቹን በአካል ቁጠሩ፤ ተመዝግበው አንድም ቀን ያልመጡትን ስም ለብቻ አውጥታችሁ ለወላጅ ደውሉ።