የዕቅድ ውይይት፦ 12 የጥልፍ ሥራዎችን ወጥሮ ፍሬም ማስገባት

ጸሐፊ፦ ለጋራ ዕቅዱ መነሻ ይሁን። 12 ሥራዎች ናቸው፤ ሁሉም 40 በ50 ሴንቲ ሜትር ሆነው ይሰቀላሉ። ጨርቁ ሸማ ነው፤ አራቱ ላይ የሚያብለጨልጭ የወርቅ ክር አለ። በረቂቁ የሰፈረው፦ ኮምፔርሳቶ (ስስ የእንጨት ሰሌዳ) ላይ በኮላ መለጠፍ፣ ዙሪያውን በስቴፕለር መምታት፣ መስታወትና ፍሬም። ርካሽ ነው፣ ቶሎም ያልቃል።

የጥልፍ ክፍል፦ ኮላው ከረቂቁ ይውጣልን። ሸማ ሳሳ ያለ ስለሆነ ኮላው ሰርጎ ፊቱ ላይ ይወጣል፤ ሲደርቅ ያብረቀርቃል፣ ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆናል፣ ለማላቀቅ ቢሞከር ጨርቁ ይቀደዳል። የስቴፕለሩ ሽቦ ደግሞ እርጥበት ሲነካው ይዝጋል። በክር ይወጠር።

ጸሐፊ፦ በክር ከተወጠረ ሸማው አይተረተርም?

የጥልፍ ክፍል፦ ይተረተራል እንጂ። ስለዚህ የሚወጠረው ሸማው ሳይሆን ከሥሩ የሚገባው አቡጀዴ (ተራ የጥጥ ጨርቅ) ነው። አቡጀዴው አስቀድሞ ሁለቴ በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ ሙጫው ይለቃል፣ መግባት ያለበትንም ያህል ይገባል። ነጭ ይሁን፤ ሸማው ከኋላው ያለውን ቀለም ያሳያል። ሸማው ላዩ ላይ ተዘርግቶ ከመሃል ወደ ዳር በስፒል ይያዝና በቀጭን የጥጥ ክር፣ ስፌቱ ከጥልፉ ሥር እየተሸሸገ፣ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ከአቡጀዴው ጋር ይያያዝ። ክሩን ማጥበቅ አያስፈልግም፤ ከተሳበ ጨርቁ ይጎደጉዳል።

ቀጥሎ አቡጀዴው አሲድ በሌለው 5 ሚሊ ሜትር ፎም ቦርድ (በወረቀት የተሸፈነ ቀላል የፎም ሰሌዳ) ላይ ይጠቀለላል። የሸማው ትርፍ አብሮ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ የመወጠሪያው ክር ግን አቡጀዴውን ብቻ ይንከስ። መጀመሪያ የአራቱ ጎኖች መሃል በስፒል ይያዝ። ከዚያ በጠንካራ ፖሊስተር ክር ረጃጅሞቹ ጎኖች ከጀርባ እርስ በርስ ይሳሰሩ፣ አጫጭሮቹም ይከተሉ፤ ሁልጊዜ ከመሃል ወደ ጥግ። አንዱን ጥግ ጨርሶ ወደ ሌላው የሄደ ሰው ጥለቱን ያጎብጣል። ጥለት ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ 3 ሚሊ ሜትር ብትዛባ እንኳ ከሩቅ ታስታውቃለች። ከቦርዱ ጠርዝ እስከ ጥለቱ ያለው ርቀት ሦስት ቦታ ላይ ይለካ።

ገንዘብ ያዥ፦ አቡጀዴውን አስልቼዋለሁ። በየጎኑ 8 ሴንቲ ሜትር መታጠፊያ ሲጨመር እያንዳንዱ 56 በ66 ይመጣል። ወርዱ 90 ከሆነ በአንድ ወርድ አንድ ብቻ ይወጣል፤ 6 ሜትር ከ72 ነው፣ ታጥቦ ለሚያጥረው ተጨምሮ 7 ሜትር ተኩል ይገዛ። 150 ወርድ ያለው ከተገኘ ሁለት ሁለት ስለሚወጣ 4 ሜትር ይበቃል። ኮምፔርሳቶውስ ይሰረዝ?

የፍሬም ክፍል፦ አይሰረዝ፣ ባለ 4 ሚሊ ሜትሩ ለጀርባ መዝጊያ ያገለግላል። ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ ጨርቁን ስለሚያጠይመው ግን በመሃላቸው የአልሙኒየም ፎይል ይግባ።

መስታወቱ ጥልፉን መንካት የለበትም፤ ከነካ ክሩ ይደፈጠጣል፣ የመስታወቱ ላብም ሻጋታ ያመጣል። ከፎም ቦርዱ ቁራጭ ቀጫጭን ዘንግ ተቆርጦ በዙሪያው ይግባ። መስታወት 3፣ ዘንግ 5፣ ቦርዱ ከነጨርቁ 7፣ ጀርባ 4፤ ድምሩ 19 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ እነዚህ የሚቀመጡበት የፍሬሙ የውስጥ እርከን 22 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ገበያ ላይ ያለው የፎቶ ፍሬም ለዚህ አይሆንም። መስታወቱ ብቻውን 1 ኪሎ ተኩል ስለሚመዝን ማንጠልጠያው ሁለት ቦታ ይታሰር።

የጥልፍ ክፍል፦ ስለ ካውያ አንድ ነገር ይጨመር። ጥልፉ በፎጣ ላይ ተደፍቶ ከጀርባ ይተኮስ። የወርቅ ክር ያለባቸው አራቱ ግን አይተኮሱ፤ የዛሬው ክር አብዛኛው ፕላስቲክ ስለሆነ ይኮማተራል። የሚታጠብ ካለ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ቀይ ክሩ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ተጭኖ ይሞከር።

ጸሐፊ፦ አቀማመጡስ? አዳራሹ በምሥራቅ በኩል ትልልቅ መስኮት አለው።

የጥልፍ ክፍል፦ ከመስኮቱ ትይዩ ምንም አይሰቀል። ሙዚየሞች ለጨርቅ የሚፈቅዱት 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ያህል ነው፣ የጠዋት ፀሐይ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ቦታ ከጠበበ መጋረጃ በወጪው ይካተት።

የፍሬም ክፍል፦ ፍሬሞቹ ግን ዛሬ አይታዘዙ። አቡጀዴው ጠርዙን ስለሚያወፍረው 40 በ50 ያልነው 40.4 በ50.4 ሊሆን ይችላል። የወርቅ ክር የሌለበት አንዱ ይወጠርና ይምጣልኝ፤ እርሱን ለክቼ የ12ቱን ዋጋ እልካለሁ።